ሐዋርያው የለመነው በርኖስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የረቀቀ የሃይማኖት ምስጢር አይደለም፤ በየቤታችን ምድጃ ዙሪያ ያለ ነገር ነው። ይኸውም ሕመሙ ከዓመት እስከ ዓመት የማይለቀው ሰው የብርዱን ወራት እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ እኛም ባልንጀሮቹ ምን ልናደርግለት እንደሚገባን ነው።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በመካነ ሰላምና በቦረና፣ በአማራ ሳይንት፣ በለጋምቦ፣ በተንታና በመቅደላ የምትኖሩ ምእመናን ይህን ወራት አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ። ዝናሙ ካባራ በኋላ ሰማዩ ይጠራል፤ ቀን ፀሐይዋ ትፋጃለች፤ ሌሊት ግን ሙቀቱን እንደ ልብስ ሸፍኖ የሚይዝላት ደመና ስለሌለ ምድር በቀን የተቀበለችውን ሁሉ ወደ ሰማይ ትለቅቃለች። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ያድራል፤ ሰብሉንም አንዳንድ ጊዜ ውርጭ ይመታዋል። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቊጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና፣ በበሽሎ ሸለቆ የሚሄደው መንገደኛ ነጠላውን አውልቆ በትከሻው ሲጥል፣ በዚያው ቀን በአምባው ላይ ያለው ሰው ጋቢውን ደርቦ ይቀመጣል። ቁመቱ 4,000 ሜትር ገደማ በሚደርሰው በአቡዬ ሜዳ ግርጌ ለሚያድረው እረኛ ደግሞ ደበሎው ብቻውን አይበቃውም።

ለጤነኛ ሰው ብርድ የአንድ ሌሊት ነገር ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይረሳዋል። ሕመም ለሰነበተበት ግን እንዲህ አይደለም። ብርድ የደም ሥርን ያጠብባል፤ ልብም ደሙን ለመግፋት አብዝታ ትደክማለች፤ የደም ግፊትም ከፍ ይላል። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር አስም ያለበትን ሰው የመተንፈሻ ቧንቧ ያኮማትርበታል። ቁርጥማት የያዘው መገጣጠሚያም ጧት እንደ ደረቀ ቆዳ አልታጠፍ ይላል።

በቋንቋችን ጧት የሚገናኙ ሰዎች የሚጠያየቁት ስለ ሌሊቱ ነው። እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ፣ እንዴት አደሩ እንባባላለን። ይህን ሰላምታ ያወጡት አባቶቻችን የደጋ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም እንላለን። የተጠየቀውም፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላል። ምስጋናው መልካም ነው። ነገር ግን አንዱ ጉልበቱን አቅፎ ሲገላበጥ አድሮ፣ ሌላው ጋደም ብሎ መተንፈስ ስላቃተው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ አድሮ «ደኅና» ይለናል፤ እኛም ቃሉን ተቀብለን መንገዳችንን እንቀጥላለን። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ የወቀሰው ይህንኑ ነው። የሚለብሰው ለሌለው ወንድም ልብሱን ሳይሰጡ በቃል ብቻ እንዲሞቀው መመኘት ምን ይጠቅመዋል ሲል ይጠይቀናል።

ታማሚውስ ስለምን አይናገርም? አንዳንዱ ችግሩን ቢገልጥ በፈጣሪው ላይ ያጉረመረመ ስለሚመስለው ነው። አንዳንዱ ከዚህ ቀደም ለመድኃኒት ብዙ አስወጥቻለሁና አሁን ደግሞ ብርድ ልብስ ብል ሸክም እሆናለሁ ብሎ ይፈራል። አንዳንዱም የሕመሙ ስም እንዳይታወቅበት ይሸሸጋል። ለእነዚህ ሁሉ ቅዱስ ጳውሎስን ምስክር አድርገን እናቀርባለን።

ሐዋርያው ሁለተኛውን መልእክት ለጢሞቴዎስ የጻፈው በሮም ታስሮ፣ የሚሞትበት ጊዜ እንደ ደረሰ ዐውቆ ነው። ብዙዎች ትተውት ሄደዋል፤ አብሮት የቀረው ባለ መድኃኒቱ ሉቃስ ብቻ ነው። በዚህ መልእክት መጨረሻ ላይ ስለ እምነት፣ ስለ ጽድቅ አክሊል፣ ስለ መጨረሻው ፍርድ ከተናገረ በኋላ፣ በጢሮአዳ በአክርጳ ቤት ትቶት የመጣውን በርኖስ ይዞለት እንዲመጣ ጢሞቴዎስን ይለምነዋል። መጻሕፍቱንም ይፈልጋል፤ በርኖሱን ግን ከመጻሕፍቱ አስቀድሞ ጠራው። የወሎና የመንዝ ሰው በርኖስ ምን እንደ ሆነ ከእኛ ትርጓሜ አይፈልግም፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ይህን ቃል በመምረጣቸው መልካም አድርገዋል።

እስቲ ነገሩን እናስተውለው። ከጢሮአዳ እስከ ሮም ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለአንድ አሮጌ ልብስ ሲባል ይህን ያህል መንገድ ሰውን ማድከም ተገቢ ነው? ጳውሎስ ግን አላፈረም። እርሱ በቃኝ ማለትን የተማረ ሰው ነበር፤ ረኀብንና ጥማትን፣ ብርድንና መታረዝን ለወንጌል ሲል ችሏል። በሥጋው መውጊያ ነበረበት፤ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው መልስ ግን ጸጋው እንደሚበቃው ነበር። መውጊያው አልተነቀለለትም። እንግዲያስ ብርዱንም ዝም ብዬ ልቀበለው አላለም። ሕመሙ እንዲወገድ መለመን አንድ ነገር ነው፤ ሕመሙ እያለ የሚለበስ መለመን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ልመና እንዳሰበው ያልተፈጸመለት ሰው ሁለተኛውን ለመለመን ሊያፍር አይገባውም። ደብዳቤው የተላከለት ጢሞቴዎስም ራሱ ጤነኛ አልነበረም፤ ስለ ሆዱና ደጋግሞ ስለሚነሣበት ሕመም በመጀመሪያው መልእክት ምን እንዲወስድ ሐዋርያው መክሮታል፤ ጸልይ ብሎ ብቻ አልተወውም።

ሌላም ነገር አለ። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ከክረምት በፊት እንዲደርስ ያሳስበዋል። በዚያ ዘመን ከኅዳር እስከ መጋቢት መርከብ በባሕሩ ላይ እምብዛም አይሄድም ነበር፤ ሐዋርያው ራሱ ወራቱ ካለፈ በኋላ በተደረገ ጉዞ መርከቡ ተሰብሮበታል። ስለዚህ በርኖሱ ቶሎ ካልተነሣ እስከ ጸደይ አይደርስም። በእኛም ዘንድ ለሕመምተኛው ጋቢ ለመግዛት የሚታሰበው ብዙ ጊዜ ውርጩ ከገባና ሳሉ ከበረታበት በኋላ ነው። ጊዜው ጥቅምት ነው፤ መኸር ተሰብስቦ እስኪሸጥ ቢጠበቅ ብርዱ ይቀድማል።

የመቅደላ አምባ ስሙ የገነነው በዐፄ ቴዎድሮስ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያ ሞቱ። ስለ ጦሩና ስለ መድፉ ብዙ ተነግሯል። እኛ የምናስታውሰው በዚያ አምባ የነበሩትን ሦስት ሌሎች ሰዎች ነው። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ በአምባው ላይ በእስራት እንዳሉ፣ ብርዱ በሚጀምርበት ወር፣ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐረፉ። የንጉሡ ባለቤት እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከአምባው መያዝ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በመንገድ ታመው ዐረፉ፤ በጨለቆትም ተቀበሩ። የሰባት ዓመት ሕፃን የነበረው ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በደረት ሕመም፣ ሐኪሞች የሳንባ ሽፋን ብግነት በሚሉት፣ በ18 ዓመቱ ሞተ። በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ባለው መታሰቢያው ላይ ጌታችን እንግዳ ሆኖ ስለ መቀበሉ የተናገረው ቃል ተጽፏል።

ያ ቃል በማቴዎስ ወንጌል 25ኛው ምዕራፍ ያለ ነው፤ ጌታ ግን እንግዳውን ጠርቶ አያቆምም። የታረዘውን፣ የታመመውንና የታሰረውን ያስከትላል። ከመቅደላ በወረዱትና በመቅደላ በቀሩት በእነዚህ ሦስት ሰዎች እንግዳውም፣ ታማሚዋም፣ እስረኛውም ይታዩናል። ደግሞም ልብ አድርጉ፤ ጌታ በዚያ ፍርድ የታመመውን ፈውሳችሁታል ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስለ መጐብኘትና ስለ ማልበስ ነው። አሥር ዓመት ያልዳነ ሕመምተኛ በቤቱ ያለ ሰው፣ ደክሜ ደክሜ ምንም አላመጣሁም ብሎ እንዳያዝን ይህ ሊያጽናናው ይገባል።

አሁን ወደ ምድጃችን እንመለስ። ብርድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበን እሳት ነውና፣ በእሳቱ ዙሪያ ያለው አደጋ ሊነገር ይገባል።

በደጋው እንጨት ስለሚያጥር የሚነደው ኩበት ነው፤ በሩም ለብርዱ ሲባል ይዘጋል። ሳንባው ለተጐዳ ሰው ጢሱ ከብርዱ ያላነሰ ጠላት ነው። ስለዚህ እሳቱ ቀደም ብሎ ይንደድ፤ ጢሱ በበሩ ይውጣ፤ ፍሙ ከጠራ በኋላ ታማሚው ይቅረብ። ከጣራው ሥር ባለው የግድግዳ ክፍል ትንሽ ቀዳዳ መተውም ይጠቅማል። በርኖስና ባና ግን ጢስ የላቸውም፤ ስለ ልብስ አብዝተን የምንናገረውም ስለዚህ ነው። በከተማ ያላችሁ ደግሞ ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ክፍል አትተኙ። ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅሰው ይወስደዋል።

በሥጋ ደዌ የተጐዳ እጅና እግር ሙቀት አይሰማውም። ከደሴ አጠገብ ባለው በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲታከሙ ኖረዋል፤ እነዚህ ሰዎች ከጀርሙ ይልቅ በእሳትና በፍላት ጣቶቻቸውን እንደሚያጡ አስታማሚዎች ያውቃሉ። የስኳር ሕመም የቈየበት ሰው እግርም እንዲሁ ይደነዝዛል። እንዲህ ያለ ሰው እግሩን ወደ ፍሙ አይዘርጋ፤ በሱፍ ካልሲ ይሸፈንለት፤ ማታ ማታም ዐይኑ የሚያይ ሰው እግሩን ይመልከትለት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ነገር ነው። ብርዱ ወደ ምድጃው ያቀርበዋል፤ በሽታው በምድጃው ላይ ይጥለዋል። በዙሪያው ያሉት ሰዎችም እንዳይጋባብን ብለው ሳይነኩት ይቈማሉ፤ ወይም ክብሪት ለማሽተት ይሯሯጣሉ። ይህ በሽታ በትንፋሽም በለሃጭም አይተላለፍም። ወደ እሳት የወደቀውን ልጁን ይዞ ወደ ጌታችን የመጣውን አባት በወንጌል እናነባለን፤ ጌታም ልጁን በእጁ ይዞ አስነሣው። እጁን ያልሰበሰበውን ጌታ የምንከተል ሰዎች ወንድማችን ሲቃጠል ቆመን ልናይ እንዴት ይቻለናል? ከእሳቱ ጎትታችሁ አውጡት፤ በጎኑ አስተኙት፤ በአፉ ምንም አትጨምሩ። ይልቁንም አስቀድሞ በእርሱና በምድጃው መካከል ሰው ይቀመጥ፤ ወይም በጭቃ መከለያ ይሠራ። መድኃኒቱም በጤና ጣቢያ የሚገኝ፣ በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው።

መድኃኒትን ካነሣን፣ ኢንሱሊን በውርጭ ሌሊት እንዳይረጋ መጠንቀቅ ያሻል፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም ኃይሉን አጥቷልና ይጣላል። ወደ ምድጃውም አይጠጋ፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ በቤቱ መካከል ይቀመጥ። በየወሩ ወደ መካነ ሰላም ወይም ወደ ደሴ ሄዳችሁ መድኃኒት የምትቀበሉም፣ እስኪያልቅ አትጠብቁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ በደረሰ ጊዜ የደሴና የቦሩ ሜዳ ሆስፒታሎች እንደ ተዘረፉ እናስታውሳለን፤ በየወሩ መድኃኒት ሲወስዱ የነበሩ ሰዎችም ያን ጊዜ ብዙ ተጐድተዋል። መንገድ ሰላም በሆነበት ቀን መንቀሳቀስ ከክረምት በፊት እንደ መድረስ ነው። ወላጆችም የልጆቻችሁን የጉሮሮ ሕመም አትናቁ። በብርድ ወራት ልጆች በአንድ ልብስ ተጠጋግተው ስለሚያድሩ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል፤ ካልታከመም በአንዳንዱ ልጅ ልብ ላይ ዕድሜ ልክ የሚቀር ጉዳት ያደርሳል። ልቡ የተጐዳ ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌ ብርድ ነው ተብሎ ሊቀርበት አይገባም።

ስለ ጠበልም ልንናገር ግድ ነው። በንጋት፣ ሣሩ ገና በአመዳይ ነጭ ሳለ፣ ባዶ ሆዱን ከቀዝቃዛው ጠበል ሥር የሚቆም ታማሚ አለ። እምነቱን እናከብራለን። ነገር ግን የአስምና የልብ ሕመምተኛ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ሊጥለው እንደሚችል አጥማቂዎች ዐውቀው፣ ፀሐይ እስክትሞቅ ቢያቈዩት፣ ወይም ጠጥቶና ተረጭቶ እንዲመለስ ቢያደርጉት የጠበሉ በረከት አይጐድልም። 38 ዓመት በአልጋ የኖረው መጻጉዕ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ለጌታ ነገረው፤ ጌታም ወደ ውኃው ሳያወርደው በቃሉ አስነሣው። ጠበል ጀምሬአለሁና መድኃኒቴን እተዋለሁ የሚለውም ይስማ። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለምእመናን ገልጠዋል። የሲራክ መጽሐፍም ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያዘናል፤ የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና።

የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ በዚሁ በብርዱ ወራት ይውላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቈይ ራሱን ሊስት ይችላል። ሕጋችን ለሕመምተኛ ጾምን ያቀልለታል፤ ስለዚህ ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ሕመሙን በግልጥ ይንገር። ካህናት ሆይ፣ እንዲህ ያለው ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ በሰነፍ አትመልከቱት። ጧት ትኩስ የገብስ ሙቅ መጠጣቱ ከቅዱሳን ማኅበር አያወጣውም።

ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮበት በመላጥያ ደሴት በወጣ ጊዜ የደሴቲቱ ሰዎች ስለ ዝናሙና ስለ ብርዱ እሳት አንድደው እንደ ተቀበሉት በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል። እነዚያ ሰዎች ወንጌልን ገና አልሰሙም ነበር። የወሎ ሰው ይህን ሲሰማ አያስገርመውም። ክርስቲያኑ ሲታመም እስላም ጎረቤቱ ኩበቱን ተሸክሞ ይመጣል፤ እስላሙ ሲታመም ክርስቲያኑ በጎኑ ያድራል። ይህ መልካም ልማድ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነውና እንዳይቀዘቅዝ እንጠብቀው።

አሁን ደግሞ ለማኅበሮቻችንና ለእድሮቻችን አንድ ነገር እንላለን። እድራችን ለሞተው ድንኳን ይተክላል፤ ለቀስተኛውን ያበላል፤ በሕይወት እያለ ለሚንቀጠቀጠው አባል አንድ ባና ለመግዛት ግን ብዙ ጊዜ ደንብ የለውም። ለተዝካር ስንት በግ እንደሚታረድ እናውቃለን፤ የእነዚያ በጎች ቆዳ ተለፍቶ አጎዛ ቢሆን ስንት የድኻ መደብ ይሸፍን ነበር! በደጋው ጠጉራቸው የሚሸለት በጎች አሉ፤ የሚፈትሉ እናቶችና የሚሸምኑ ሰዎች አሉ። የጽዋ ማኅበር አባላት በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ በዓመት አንድ ሁለት በርኖስ አያቅታቸውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየትኛው ቤት ማን እንደታመመ ስለሚያውቁ፣ ሕመምተኛው ፈቅዶ ካስታወቃቸው፣ የምክር አጋዥ ይሆኗችኋል።

ገንዘብ ያበደራችሁም አላችሁ። በኦሪት ዘጸአት በሕጉ ውስጥ የባልንጀራውን ልብስ በመያዣ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳይገባ እንዲመልስለት ታዝዟል፤ ያ ሰው ሌሊት የሚተኛበት ሌላ የለውምና። ለመድኃኒት ብሎ ከእናንተ የተበደረ ሰው ጋቢውን ወይም በጉን በእጃችሁ አስይዞ እንደ ሆነ፣ ሕጉ ሰዓቱን ሳይቀር ወስኖላችኋል።

ሕሙማን ሆይ፣ እናንተም ጢሞቴዎሳችሁን ፈልጉ። ልጃችሁ፣ ጎረቤታችሁ፣ የንስሐ አባታችሁ ሊሆን ይችላል። «ደኅና ነኝ» ከማለት በፊት ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ንገሩት፤ ምን እንደሚያስፈልጋችሁም በስሙ ጥሩለት። ጳውሎስ ልብስ ላክልኝ ብቻ አላለም፤ የቱ ልብስ እንደ ሆነ፣ በየትኛው ከተማ፣ በማን ቤት እንዳለ ለይቶ ጻፈ።

ከተራም ቀርቧል። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወርደው በወንዝ ዳር፣ በድንኳን ያድራሉ፤ ሕዝቡም ሌሊቱን በዝማሬ ያሳልፋል። በዚያ ሜዳ ላይ ማደር የማትችሉ እናቶችና አባቶች፣ በቤታችሁ ሆናችሁ ጸልዩ፤ ማንም አይታዘባችሁ። ወጣቶች ሆይ፣ በማግሥቱ ጠበሉን በዕቃ ይዛችሁ ወደ እነርሱ ግቡ። ታቦቱ በሰፈራቸው ሲያልፍ ከደጃፋቸው እንዲሳለሙ መቀመጫ አውጡላቸው፤ ፀሐይ በሚመታው በኩል ይሁን፤ በጉልበታቸውም ላይ የሚደረብ አትርሱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።